ህንዷን ጎረቤቴን ጠበል ስወስዳት

ትዕግሥት ሲታደል እኔ አልነበርኩም። እናቴ «አንቺኮ ሽሮው ሳይንተከተክ ድስቱን የምታወርጂ ነሽ» ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው። ስለዚህ የዚያን ጥር መንገድ ሳወራ ንዴቴ ቢበዛ አትፍረዱብኝ። ከፍኖተ ሰላም ተነሥተን ተራራው አናት እስክንደርስ ድረስ ያላናደደኝ ነገር የለም።

ጊዜው ስድሳዎቹ ውስጥ ነው። ፍኖተ ሰላም የቤት ሙያ አስተምር ነበር፤ ስፌት፣ ጥልፍ፣ የሕፃን አያያዝ። ላጤ ስለነበርኩ የሕፃን አያያዝ ሳስተምር፣ ታናናሾቻቸውን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉት ልጃገረዶች ከንፈራቸውን እየነከሱ ይስቁብኛል። የተከራየሁት ቤት ከአንድ ህንዳዊ የሒሳብ መምህር ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ይገናኝ ነበር። ያን ጊዜ በየአውራጃው የህንድ መምህር አይጠፋም። የሚበዙት ክርስቲያኖች ነበሩ፤ የእኔ ጎረቤቶች ግን ሂንዱዎች ናቸው። ሰፈሩ ይህን ልዩነት ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ለሰፈሩ ህንድ ህንድ ነው።

ከሚስቱ ጋር የተወዳጀነው በጥልፍ ነው። ከሰዓት በኋላ ክሯን ይዛ ትመጣና በረንዳዬ ላይ እንቀመጣለን። አማርኛዋን ገበያ ለገበያ ስለለቀመችው ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የምትለው፤ ሲያቅታት ወደ እንግሊዝኛ ትዞራለች፤ እኔም በተማርኩት ልክ እከተላታለሁ። ልጃገረድ ሳለች ከእናቷ ጋር በእግሯ ሳምንታት ተጉዛ የበረዶ ተራሮችን ተሳልማለች፤ ይህን ስታወራልኝ መርፌዬን እረሳዋለሁ። ከፍ ካለው ቦታ፣ ዛፍ ከማይበቅልበት፣ በበሬ ራስ ቅርጽ የተሠሩ ከመቶ የሚበልጡ አፎች በግንብ ላይ ተደርድረዋል አለችኝ። ውኃው ከበረዶው ቀልጦ ነው የሚወርደው። ተሳላሚ በሁሉም ሥር ራሱን እያስመታ ሮጦ ያልፋል፤ እሷም ጥርሷ እየተንገጫገጨ አልፋለች። አጠገቡ ደግሞ ከውኃ ሥር የሚነድ ትንሽ ሰማያዊ እሳት አለ። እሳቱን የሚጠብቁት ራሳቸውን የተላጩ የቡድሃ መነኮሳይት ናቸው፤ የሚመጣው ሕዝብ ግን ግማሹ ሂንዱ ነው፣ ግማሹ ቡድሂስት።

«የማን ወገን ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም?» አልኳት።

«ለምን ይጠይቃል? ውኃው አንድ ነው» አለችኝ።

እናቷ በየአፉ ሥር ጎንበስ እያለች የለመነችላት ደግ ባልና ብዙ ልጆች ነበር። ባሉ ተገኘ፤ ደግም ነው። ልጁ ግን ስንት ዓመት ሙሉ አልመጣም። የባሏ ኮንትራት በዚያው ክረምት ያበቃል፤ አገራቸው ይገባሉ። አማቷ ደግሞ የሸኘቻት «ባዶ እቅፍሽን ደጄን እንዳትረግጪ» ብላ ነው። ይህን የነገረችኝ ቀን ሳቋም እንባዋም አልነበረም፤ ክር ስትበጥስ በጥርሷ ነው የበጠሰችው።

እንግዲህ ጉዱን ያመጣው አፌ ነው። ሳዝንላት፣ ከቡሬ ወዲያ፣ አክስቴ ካሉበት አገር በላይ ተራራ ላይ ጠበል እንዳለ፣ መካን ሁሉ እዚያ ተጠምቃ እንደምትወልድ ነገርኳት። ጥልፉን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና «ውሰደኝ» አለች። እሺ አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያልተጠመቀች ሴት ጠበል ትገባለች ወይ ብዬ ያሰብኩት እሷ ቤቷ ከገባች በኋላ ነው።

ያ በጥቅምት ነበር። ከዚያ በኋላ ባየችኝ ቁጥር «መቼ?» ትለኛለች፤ እኔ ዛሬ ፈተና ነገ እርማት እያልኩ አራዝማለሁ። ጥር ላይ የግማሽ ዓመት ዕረፍት ሲቃረብ ጭራሽ መጠየቋን ተወች። ተመስገን ረሳችው ብዬ ሳበቃ አንድ ጠዋት ፊቷ በርቶ መጣችና «አሁን! አሁን እንሂድ» አለች። ሌላ ሰበብ አልቆብኝ ነበር።

ባሏ በአጥር ላይ ብቅ ብሎ «ቀስ ብላችሁ ሂዱ» አለኝ። መኪና ስንጠብቅም መጥቶ ይህንኑ ደገመው። መኪናው ሲነሣ ደግሞ ከታች እየጮኸ «ቀስ!» ይላል። የምወስዳት ለፈረስ ግልቢያ መሰለው እንዴ ብዬ በሆዴ ተነጫነጭኩ።

አውቶቡሱ ሞልቶ ስላመለጠን ያገኘነው በርበሬ የጫነ ትሬንታ ኳትሮ፣ ያ የጣሊያን ጭነት መኪና ነው። የበርበሬ ወቅት ነበር። ጋቢናው ውስጥ የሾፌሩ ዘመዶች ተደርድረዋል፤ እኛን ከላይ፣ ከጆንያው ላይ አስቀመጡን። መንገዱ ጠጠርና ጉድጓድ ነው፤ መኪናው በተናጠ ቁጥር ጆንያው ይተነፍሳል። ቡሬ እስክንገባ ሁለታችንም ስናነጥስ፣ ስናለቅስ፣ ደግሞ ስናነጥስ ነው። እሷ በአንድ እጇ አፍንጫዋን ይዛ በሌላው ሆዷን ደግፋ ተቀምጣለች። «ይማርሽ» የሚለው ሰው ሁሉ ሰለቸው።

ቡሬ ላይ አንዱ ነገር ደስ አለኝ። አክስቴ ጎረቤታቸውን ከነበቅሎው ልከውልኛል፤ ኮርቻዋ የተለበጠ፣ የእግዜር በቅሎ። «ውጪ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። «ስለፈራሽ እንደሆነ ሰውየው ይስባታል።» ራሷን ነቀነቀች። እናቷ ስትነግራት የሚሳለም ሰው በእግሩ ነው የሚሄደው አለችኝ። እሺ ይሁን፣ የአገሯ ልማድ ነው። ግን በእግሯ ስትሄድ ደግሞ እንቁላል ላይ የምትራመድ ነው የምትመስለው። ቁልቁለት ሲመጣ ቆማ ታስባለች፤ ድንጋይ ሲመጣ ትዞራለች፤ ጅረት ሲመጣ እጄን ይዛ አትለቅም። የዳጉሳው አውድማ ላይ ያሉ ገበሬዎች ሥራቸውን አቁመው ያዩናል። ባዶ በቅሎ ከኋላ እየተከተለችን ሁለት ሴቶች በፀሐይ በእግር እንጓዛለን። እኔ አንዱን ኮረብታ ወጥቼ፣ ተቀምጬ፣ ተናድጄ፣ ንዴቴ በርዶልኝ እንደገና እስክናደድ አትደርስም።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ከአክስቴ ደጅ ደረስን። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ እርሻውንም ከብቱንም ብቻቸውን የሚያዙ፣ ሲቆጡ ውሻው እንኳ የሚደበቅ ሴት። ለእንግዳ ክብር ዶሮ አርደው ጠብቀውናል። ወጡ ቀረበ። ጎረቤቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «አልበላም፣ ይቅርታ» አለች።

የአክስቴ እጅ ከጉርሻው ጋር አየር ላይ ቀረ። ዕለቱ የፍስክ ነው፤ ረቡዕ አይደል፣ ዓርብ አይደል። በእኛ አገር በፍስክ ቀን የክርስቲያን ሥጋ አልበላም ያለ ሰው አንድ ነው።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ እሷ የማትሰማ ይመስል። «እስላም ነው እንዴ ያመጣሽብኝ? ጎረቤቶቼ እስላሞች ናቸው፤ እወዳቸዋለሁ፤ ለነሱ የማቀርበውን አውቃለሁ። ምነው አስቀድመሽ ብትነግሪኝ?»

«ኧረ እትዬ፣ እስላም አይደለችም!»

«ኻልሆነችስ ምነው ሥጋዬን ተጸየፈችው?»

«ያንቺን አይደለም… የርስዎን አይደለም የተጸየፈችው። የማንንም አትበላም። ከተወለደች ጀምሮ ሥጋ በአፏ ዞሮ አያውቅም!» ጮኼ ነው የተናገርኩት፤ የመንገዱ ድካም ገና በእግሬ ላይ ነበር።

አክስቴ ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሱ። ፊታቸው ተለወጠ። «ኸልጅነቷ?»

«ከልጅነቷ።»

«ለምን አትይኝም ታዲያ! መናኝ ናት!»

መናኝ ማለት ዓለምን ንቆ፣ ጥሬ ቆርጥሞ፣ በዱር በገዳም የሚኖር ሰው ነው። ይህችኛዋ ባል አላት፣ ሐር ትለብሳለች፣ ስኳር የሌለበት ሻይ አትጠጣም። አስረዳለሁ ስል አክስቴ አልሰማ አሉኝ፤ ቆሎና ሽምብራ ሊያስቆሉላት፣ ማረፊያዋን ሊያዘጋጁላት ተነሥተዋል። እኔ ዶሮውን ብቻዬን በላሁ። ዶሮው ጥሩ ነበር፤ ልዋሽ አልችልም።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ሴቶች ከደጃችን ቆመው አገኘኋቸው። ወሬው ሌሊቱን መንደሩን አዳርሷል፤ ኸህንድ አገር መናኝ መጥታለች። አንዷ የሚያማትን ጡቷን ይዛ፣ አንዷ የዐይኗን ሕመም፣ ሌላዋ ሕፃኗን ታቅፋ መጥተዋል። ጎረቤቴ «ምን ፈለጉ?» አለችኝ። «እንድትጸልዪላቸው» አልኳት በንዴት፣ እንዴት ብዬ ልጸልይ ብላ እንድትስቅ። አልሳቀችም። መዳፏን ከመዳፏ ገጥማ ዐይኗን ጨፈነችና በራሷ ቋንቋ ትንሽ አጉተመተመች። ሕፃኑን ተቀብላ አቀፈችው። ሴቶቹ አለቀሱ። እሷም ሕፃኑን ስትመልስ ሳቅ ብላ ነበር፤ ያን ቀን ሁሉ ነገር ደስ ይላት ነበር። እኔ ግን የማስበው ከላይ፣ ጠበሉ ላይ የሚጠብቁንን ቄስ ነው። ልጅ የምትለምን መናኝ ይዤ ልወጣ ነው!

ወደ ጠበሉ የሚወጣ ሰው እህል አይቀምስም፤ ስለዚህ ባዶ ሆዳችንን ነው የተነሣነው። አክስቴ ጫማቸውን ትተው ከፊት፣ እኔ ከመካከል፣ እሷ እንደ ልማዷ ከኋላ። ዳገቱ ይህ ነው አይባልም። እሷ ግን ሳትማረር ወጣች፤ አንዳንዴ ቆማ ቁልቁል ሸለቆውን ታይና ስለዚያ ስለበረዶው አገር ታወራኛለች። በተራሮቹ ጫፍ ላይ በገመድ የታሰረ ጸሎት የተጻፈበት ጨርቅ ነፋስ ያርገበግበዋል፤ ነፋሱ ጸሎቱን ላላነበበው ሁሉ ያነብለታል ይላሉ አለችኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ያን ቀን ውኃ ጠምቶኝ ነበር።

ከጠበሉ ቅጥር በር ላይ አጥማቂው ቄስ ቆመዋል። ቀይ፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ሸለቆውን የሚሞላ ሽማግሌ። አክስቴ መስቀል ተሳልመው «አባታችን፣ መናኝ ኸሩቅ አገር መጥታለች» አሉ በኩራት።

ቄሱ ጎረቤቴን አዩና ከግንባሯ ቀይ ነጥብ ላይ ዐይናቸው ቆመ። «ማን አጠመቃት?»

አክስቴ ወደ እኔ ዞሩ። አሁን እውነቱን ከመናገር በቀር መድረሻ አልነበረኝም። መናኝ እንዳልሆነች፣ እንዳልተጠመቀች፣ ባለትዳር እንደሆነች፣ ልጅ አጥታ እንደመጣች በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። አክስቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ልጄ» አሉ ቄሱ፣ «ውኃ ኸሆነ የምትፈልገው ወንዙ ኸታች ነው። ይህ ጠበል ነው።»

«አባታችን፣ ሁለት ቀን በእግሯ መጥታለች።»

«ዓመት ብትሄድስ? ሥርዓት አለ። ትጠመቅ፣ ትማር፣ ኸዚያ ትምጣ።»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ለቄስ እንዲህ መናገር ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን የሁለት ቀን በርበሬ፣ አቧራና ጥም አንድ ላይ ወጣ። «አባታችን፣ ያቺ ከነዓናዊት ሴት ስለ ልጇ ስትጮህ ጌታችን ተጠመቂና ነይ አላት እንዴ? የውሾቹን ፍርፋሪ እንኳ አልከለከላት!»

አክስቴ ክንዴን ቆነጠጡኝ። ቄሱ ግን አልተቆጡም። ጢማቸውን ያዙ፣ ሰማዩን አዩ፣ ከዚያ ፈገግ አሉ። በጎጃም ቃል ያወቀበት ሰው ይከበራል፤ ሴትም ብትሆን። «ብቻዬን የምወስነው አይደለም። ተቀመጡ፤ ኸካህናቱ ልምከር» ብለው ገቡ።

እሷንና አክስቴን ከበሩ ውጭ ከዛፍ ጥላ ሥር ትቼ እኔ ከበሩ ሥር ቆምኩ። ፀሐይዋ ከአናቴ ላይ ወጣች። ከውስጥ የሚጠመቁት ሰዎች ጩኸት፣ የውኃው ድምፅ ይሰማል። የሚገባው ይገባል፣ የሚወጣው ረጥቦ ይወጣል፤ የእኔን ነገር የሚያነሣ የለም። አንድ ጊዜ ቄሱ ብቅ ብለው «ስሟ ማን ይባላል?» አሉኝ፤ ነገርኳቸው፤ ለመያዝ ሞክረው አቃታቸውና ተመልሰው ገቡ። ያንን በረዶ ተራራና «ውኃው አንድ ነው» ያለችውን እያሰብኩ በገዛ አገሬ ሰዎች ላይ ጥርሴን ነከስኩ።

በመጨረሻ ወጡ። «ስሚ» አሉኝ። «ኸሕዝቡ ጋር አትገባም። ሕዝቡ ሲጨርስ እኔው ራሴ ኸምንጩ አፍ በቅል ቀድቼ፣ ኸቅጥሩ ውጭ በራሷ ላይ አፈስላታለሁ። እግዜር የሚያደርገውን እሱ ያውቃል።»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ማሸነፍ እንዴት ይጣፍጣል! እየሮጥኩ ወደ ጥላው ወረድኩ።

አክስቴ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። «የት ሄደች?» አልኩ።

«ኸዚያ፣ ኸድንጋዩ ወዲያ። ተያት።»

«ምን ማለትዎ ነው ተያት? ፈቀዱልንኮ!»

አክስቴ ዐይኔን አላዩኝም። «ልማደ አንስት መጥቶባት ነው» አሉ በሹክሹክታ። «የቅጥሩ ክብር እስኸየት እንደሆነ በእጇ ጠየቀችኝ። ያን ድንጋይ አሳየኋት። ተነሥታ ኸዚያ አልፋ ተቀመጠች።»

ያለ እኔ አስተርጓሚነት ተግባብተዋል ማለት ነው። ይህም አናደደኝ። ወደ ድንጋዩ ሄድኩ። ያዋስኳትን ነጠላ ተከናንባ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች።

«ማን ያያል?» አልኳት በእንግሊዝኛ፣ ገና ሳልደርስ። «ውኃው በራስሽ ላይ ነው የሚፈሰው፣ ውጭ ነው፣ ማንም አያውቅም! ተነሺ!»

«እኔ አውቃለሁ» አለች። «በእኛም አገር እንዲህ ሆኖ ወደ ውኃው አይቀረብም። እናቴም አንድ ጊዜ ከመንገድ ቀርታ ነበር።»

«ታዲያ ሴት ሆነሽ ቀኑን አታውቂውም? ቆጥረሽ አትመጪም ነበር?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ቆጥሬ ነው የመጣሁት» አለች። «ቀኑ አልፎኝ ነበር። በጣም አልፎኝ ነበር። ባሌም አውቆ ነበር።»

ከአፏ ሊወጣ የከበደውን ቃል ለመያዝ ይመስል ከንፈሯን በእጇ ነካች።

«የመጣሁት ልለምን አልነበረም» አለች። «ላመሰግን ነበር።»

ያን ሁሉ መንገድ የተሸከምኩት ንዴት የት እንደማደርሰው ጠፋኝ። መጮህ ፈለግሁ፤ በማን ላይ? ከአጠገቧ ተቀመጥኩና እጇን ያዝኩ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

ቄሱ ቅላቸውን ሞልተው፣ መስቀላቸውን ይዘው፣ ጠብ እንዳይል እየተጠነቀቁ ቁልቁል መጡ። ከድንጋዩ ወዲያ መሆናችንን ሲያዩ ቆሙ። «ምነው? ጠበሉን ይዤ ልዙር እንዴ? ወይስ ዘግይታችሁብኛል ብላ ናቀችን?»

እንዲህ ያለ ነገር ለቄስ በአፍ አይነገርም። «ንቃ አይደለም፣ አባታችን» አልኩ በመጨረሻ። «አክብራ ነው።»

ድንጋዩን አዩ፤ አክስቴን አዩ፤ አክስቴ አንገታቸውን ደፉ። ሽማግሌው ገባቸው። ቅሉን በሁለት እጃቸው አቀፉት። ሲናገሩ ያ ሸለቆ የሚሞላው ድምፅ የለም።

«ምንም አይደል በያት፤ እግዜር የፈጠረው ነው። ሰባት ቀኗን ስትጨርስ ይዘሻት ነይ። ማንንም አትጠይቂ፤ እኔው አፈስላታለሁ። ቃሌ ነው።»

ተረጎምኩላት። አንድም ሳላስቀር ተረጎምኩላት። ቅሉን ትኩር ብላ አየችው፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ያኔ ምን ልበል ብዬ ልምጣ?» አለችኝ።

«ምን አለች?» አሉ ቄሱ።

«እሺ ብላለች፣ አባታችን» አልኳቸው። «እመጣለሁ ብላለች።»